የተረከዝ ምልክት

ተኳሽ ሲባል ጠመንጃ የሚታየው ሰው ካለ ከወዲሁ ያውርደው። የእኛ ተኳሽ የያዘችው ካውያ ነው፤ የምትተኩሰውም የሙሽራ ቬሎ። የምትሠራው ከዋናው መንገድ ዳር ባለ የሙሽራ ልብስ ቤት ነው፤ መስኮቱ ውስጥ ራስ የሌላቸው ሁለት አሻንጉሊቶች ነጭ ለብሰው የቆሙበት። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። ተኳሽና ጠላፊ ወዳሉበት ቤት እናቶች ሴት ልጆቻቸውን እየሳቁ ይዘው መምጣታቸው ተኳሿን ብቻዋን ያስቃት ነበር።

ባለቤቲቱን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። በቀኝ እጃቸው መሃል ጣት ላይ ከመርፌ የሚከላከል ትንሽ የብረት ቆብ አጥልቀው ይውላሉ፤ ሲያወሩም በእሱ ባንኮኒውን ኳ ኳ ያደርጋሉ። በሩ ላይ በወርቃማ ቀለም «ጥልፋችን ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሙሽሮች ቬሏቸውን ሲቀበሉ የእትዬን እጅ ይስማሉ፣ «እጅዎ ይባረክ» ይሏቸዋል፣ እትዬም ዓይናቸውን ሰበር አድርገው አሜን ይላሉ። የሚገርመው ተኳሿ በተቀጠረች በአምስት ወር ውስጥ እትዬ ክርና መርፌ ሲያገናኙ አንድ ቀን እንኳ አላየችም።

ጥልፉ የሚሠራው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እዚያ የሚገቡት እትዬ ብቻ ናቸው። ስትቀጠር የተነገራት ሕግ ሁለት ነበር፤ ሳቲን ላይ ውሃ እንዳታንጠባጥብ፣ ያንን በር ደግሞ እንዳትነካ። ጥበባቸውን ሰው እንዳይሰርቅባቸው ነው ብለው ነበር እትዬ። ተኳሿ ሥራውን አጥብቃ ትፈልገው ስለነበር አመነች፤ ወይም ያመነች መሰለች።

ስለ ጥልፉ ግን ትንሽ ልበል። ጥልፍ በፊቱ አይተኮስም፤ ወፍራም ፎጣ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ በጀርባው ነው። ስለዚህ የጠላፊን ገመና ተኳሽ ታውቀዋለች። ከፊት አበባ የሆነው ነገር ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሲያዩት ያልተበጠረ ጸጉር ነው፤ ቋጠሮ፣ የተንጠለጠለ ክር፣ መንገድ የሳተ ስፌት። የዚህ ቤት ጥልፍ ግን ጀርባና ፊቱ አይለይም ነበር። ሐረጉ ከቀሚሱ ጫፍ ተነስቶ፣ ወገብ ዞሮ፣ ደረት ላይ እስኪበተን ድረስ አንዲት ቋጠሮ የለችበትም። ክሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ተኳሿ ካውያውን አቁማ በጣቷ ጫፍ ትከተለዋለች፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋባታል። ሰው የሠራው የማይመስላት ጊዜ ነበር፤ እንዲያ ሲሆን ብቻዋን ሆናም ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች።

አንድ ነገር ብቻ ያበሳጫት ነበር። በየቬሎው ላይ፣ ከጥልፉ በስተግራ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፣ ክብ የተጨማደደ ቦታ አለ፤ ከፊቱም በቅስት የተደረደሩ አምስት ትንንሽ ጉድጓዶች። የተኳሽ ዓይን መጨማደድን ያነባል፤ ይህ ተቀምጠውበት ነው፣ ይህ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ከርሞ፣ ይህ እያለቀሱ ጨብጠውት። ይህኛው ግን ባዶ እግር ነው። ሰው የሙሽራ ቬሎ ላይ ቆሞ ይሄዳል ማለት ነው። ስታገኘው ስትታገስ፣ ስታገኘው ስትታገስ ከርማ አንድ ቀን ደሟ ፈላና ቀሚሱን ይዛ እትዬ ፊት ቀረበች። ይህን በመሰለ ሥራ ላይ የሚረግጥ ባለጌ በዚህ ቤት አለ፣ ይመከር አለች። የእትዬ ፊት ዐመድ መሰለ። ከዚያ ባንኮኒውን በዚያ ብረት እየመቱ፣ የተቀጠረችው እንድትተኩስ እንጂ እንድትመረምር እንዳልሆነ ቀስ ብለው ነገሯት።

ተኳሿ የምትኖረው ከእናቷና ከአምስት ዓመት ልጇ ጋር በአንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቷን ፊቷ ክብ ስለሆነ ድንቡሼ ይሏታል። ድንቡሼ ስትወለድ ሁለቱም ክንዶች አልነበሯትም፤ በቀኝ ትከሻዋ ላይ እንደ እንቡጥ ያለች ትንሽ ሥጋ ብቻ አለች። አባትየው አይቷት፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ መጣሁ ብሎ ወጣ፤ ይኸው እየመጣ ነው። ጎረቤት የተናገረውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ እኩሉ እናቲቱን አማ፣ እኩሉ ፈጣሪን። ስለዚህ ተኳሿ ልጇን በብልሃት ሸፈነቻት። ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብ ታለብሳትና ሁለቱን እጅጌዎች በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልታ ጫፋቸውን ኪስ ውስጥ ትሰፋቸዋለች። ከሩቅ ለሚያያት እጆቿን ኪሷ የከተተች ኩሩ ልጅ ትመስላለች።

ከሁሉም ያስቸገራት ግን የድንቡሼ እግር ነበር። ልጅቷ ገና መቀመጥ ስትጀምር ዳቦ በእግሯ ማንሳት ጀመረች፤ የአያቷን ሻሽ ጎትታ ታወርዳለች፣ በር ትከፍታለች፣ ዝንብ ታባርራለች። እናቲቱ ይህን ስታይ ሮጣ በሩን ትዘጋለች። ክንድ የላትም መባሉ ሳያንስ ሰውም አይደለችም ሊሏት ነው ብላ ፈራች። «ነውር ነው» እያለች እግሯን ትመታታለች። ሲብስባት ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ጫማ አድርጋ፣ የጫማውን ክር ሁለት ጊዜ ቋጥራ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ አያትየዋም በማንኪያ ያጎርሷታል። ከዓመት በኋላ ድንቡሼ እግሯን ተወችው። ጨዋ ልጅ ሆነች ተባለ።

እትዬ የተቆጡባት ቀን ተኳሿ ቤቷ ስትገባ ልጅቷ ውጭ ደጃፍ ላይ ከአያቷ ጋር ነበረች፤ ካልሲዎቿ ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ተኳሽ ቤቷም ገብታ ዓይኗ እጥፋት ይፈልጋልና የአልጋውን አንሶላ ልታቃና ጎንበስ አለች። እንደጎበጠች ቀረች። አንሶላው ላይ ክብ ጭምድድ አለ፤ ከፊቱም በቅስት አምስት ትንንሽ ጉድጓዶች። አጠገቡ ከአያትየዋ ሻሽ የተመዘዘ ቀይ ክር፣ በአንሶላው ቀዳዳ ውስጥ አንዴ ገብቶ አንዴ ወጥቷል። ድንቡሼ ሰው በሌለበት እየሠራች ነበር።

ልትቆጣ አልቻለችም። ያ የቬሎው ምልክት ትዝ አላት። የሚረግጥ ሰው የለም። የሚይዝ ሰው ነው ያለው።

በማግስቱ እትዬ ጨርቅ ሊያመጡ ወደ አከፋፋይ ሲሄዱ የጀርባውን በር ገፋችው። ቁልፍ እንኳ አልነበረውም።

ክፍሏ ጠባብና ነጭ ናት። ወለሉ ላይ አንሶላ ተነጥፏል፤ ከፍ ብላ ካለች መስኮት ብርሃን ይወርዳል። መሃሉ ላይ፣ ወፍራም ትራስ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ተቀምጣለች። ክንድ የላትም። ከፊቷ በክብ እንጨት የተወጠረ ሳቲን አለ፤ የግራ እግሯ ጨርቁን ተጭኖ ይዟል፣ በቀኝ እግሯ አውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መሃል መርፌ አለች።

ሴትዮዋ ቀና አላለችም፤ ክሩ አልቆባት ነበር። መርፌዋን አጠገቧ ባለ ቁራጭ ሳሙና ላይ ሰካቻት። ከጥቅሉ ላይ አዲስ ክር መዝዛ እግሯን ወደ አፏ አነሳች፣ ሌላው ሰው እጁን ወደ አፉ እንደሚያነሳ፣ ያለ ምንም ጣጣ። የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አረጠበች። እግሩ ወርዶ አየር ላይ ለአፍታ ቆመና ክሩ በመርፌዋ ቀዳዳ አለፈ፣ በአንድ ጊዜ። ተኳሿ ሁለት ጤነኛ እጅ ይዛ ይህን ነገር ሦስቴ ትሞክራለች፣ በአራተኛው ትሳደባለች።

ከዚያ መርፌዋ መሄድ ጀመረች። እያንዳንዷ የእግር ጣት ሥራ ነበራት፤ አንዷ ትገፋለች፣ አንዷ ትቀበላለች፣ ትንሿ ደግሞ ክሩ እንዳይጠብቅ ታላላዋለች። የክሩ ጫፍ በቀድሞው ስፌት ሥር ገብቶ ተሰወረ። አምስት ወር ሙሉ በጣቷ ስትፈልገው የከረመችው ነገር ዓይኗ ሥር ተፈጸመ። ተኳሿ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ትንሽ ድምፅ ብታሰማ የሆነ ነገር የሚሰበር መሰላት። በሕይወቷ ብዙ ነገር አይታለች፣ እንዲህ ያለ ግን አላየችም።

«ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ፤ እዚህ ወለሉም ነጭ ነው» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ቬሎ ላይ የሚረግጥ ባለጌ አለ ብለሽ የከሰስሽኝ አንቺ ነሽ አይደል?»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ጠላፊዋ ግን ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች፤ የሚከሳት ሰው ካገኘች ብዙ ጊዜዋ ነው።

ቀስ በቀስ ነገረቻት። እትዬ አክስቷ ናቸው። ልጅ ሳለች አባቷ ገበያ መሃል ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣትና መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ሰው እየከፈለ ያያት ነበር። አክስቷ ከዚያ አወጧት፤ ውለታቸውን መርሳት የማትችለው ለዚህ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ በጓሮ በር አስገቧት፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። እግር የነካውን ቬሎ ማን ይለብሳል፣ ሰው ካወቀ ሁለታችንም ጦም ማደራችን ነው ይሏታል። ምግብና መኝታ አላት፣ ክርም አይጓደልባትም፤ ደመወዝ የሚባል ነገር ግን ተነስቶ አያውቅም።

«እዚያ እኔን ያዩኝ ነበር፤ ሥራ ብሎ የሚያየው አልነበረም» አለች። «እዚህ ሥራዬን ያያሉ፣ እኔን የሚያይ የለም። ሁለታችንን አንድ ላይ ስታይ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ተኳሿ ይህን ስትሰማ ያፈነችው ሁሉ ገነፈለ። ስለ ድንቡሼ፣ ስለ ተሞላው እጅጌ፣ ስለ ካልሲዎቹና እግሯን ስለ መምታቷ እያለቀሰች ተናገረች። ጠላፊዋ አልፈረደችባትም፣ አላጽናናቻትምም። መርፌዋን ሳሙናው ላይ ሰካቻት።

«የእኔ እናት ደግሞ እግሬን የምታስረው በገመድ ነበር» አለች።

ያን ቀን ተኳሿ ቤቷ እንደገባች የልጇን ጫማና ካልሲ አወለቀችና ዳቦ ፊቷ አስቀመጠች፤ በእግርሽ ያዢው፣ ግድ የለም አለቻት። ድንቡሼ እግሮቿን ሰብስባ ቀሚሷ ሥር ደበቀቻቸው። ዳቦውን ሳይሆን የእናቷን እጅ ነበር የምታየው። «ነውር ነው» አለች። አባበለቻት፣ ለመነቻት፣ ሳመቻት፤ እግሮቹ አልወጡም። ተኳሿ በሥራዋ ጎበዝ ናትና ይህንንም ስታስተምር በደንብ አስተምራ ኖሯል። ልጅቷ ያቺን ሴት ካላየች በስተቀር ይህ ትምህርት እንደማይፈታ ገባት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃታት።

ስለዚህ ደፍራ በሩን መክፈቷን ለእትዬ ተናዘዘች፤ ልጇ አንድ ቀን መጥታ ታይ ዘንድም ለመነቻቸው። መባረሯን ስትጠብቅ እትዬ ወንበር ሳቡላት።

«ጨርሶ ክንድ የላትም?» አሉ። «የእግር ጣቶቿስ ረዘም ያሉ ናቸው?»

ናቸው አለች። እትዬ ፊታቸው በራ። አንድ ቀን ለምን፣ ለዘለቄታው ትምጣ እንጂ አሉ። ትብላ፣ ትጠጣ፣ ሙያ ትማር፤ ክፍሉ ለሁለት ይበቃል፣ የዚያችኛዋ ዓይንም እየደከመ ነው። ተኳሿም ከሐሜት ታርፋለች። ብቻ ማለዳ ሰው ሳይበዛ በጓሮ በር ታምጣት። ተኳሿ እንደ ሙሽሮቹ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ልጄ ሰው ልትሆን ነው እያለች ወደ ጠላፊዋ ሮጠች።

ጠላፊዋ ስትሰማ መርፌዋ ጨርቁ ላይ ቆመች።

«እኔም በዚያ በር ነው የገባሁት» አለች።

ተኳሿ ደስታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ከዚያ ጠላፊዋ ቀስ ብላ ቀጠለች፦ «አምጪያት። ግን በዋናው በር፣ በቀን፣ ሱቁ በሰው ሲሞላ አምጪያት። ሱቁ ማዕዘን ላይ የተጣለውን ያንን አሮጌ የከሰል ካውያ በሩ ሥር አድርጊልኝ፣ መልሰው እንዳይዘጉት።»

ሥራዬን አጣለሁ አለች ተኳሿ። ታጫለሽ አለች ጠላፊዋ፣ ሳትሸፋፍን። አንቺስ ብትላት፣ በሩ ቁልፍ እንደሌለው አይተሻል አለቻት። መውጣት አላቃታትም። ስትወጣ የሚያዩዋት ዓይኖች ናቸው ያቃቷት፤ በገበያው ምንጣፍ ላይ ያየቻቸው።

ጠላፊዋ በሦስት ቀን ውስጥ ከቬሎ ትራፊ ለድንቡሼ አንዲት ትንሽ ቀሚስ ሰፋች። እጅጌ የላትም። በቀኝ ትከሻዋ ላይ፣ ተኳሿ እንደነገረቻት ልክ ያቺ የልጅቷ እንቡጥ ባለችበት ቦታ ዙሪያ፣ ሐረግ ጠልፋባታለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አያትየዋ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆሙ፤ ልጄን መሳቂያ አላደርጋትም አሉ። ከዚያ ቀሚሱን በደንብ አዩት። ብዙ አዩት። ሻሻቸውን አውልቀው የልጅቷን አፍ ጠረጉላትና መንገድ ለቀቁ።

መንገዱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ለተኳሿ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ፍራፍሬ ሻጩ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ከንፈር የሚመጥ ነበር፣ ዞሮ ዞሮ የሚያይ ነበር። እናቲቱ ሁለት ጊዜ ነጠላዋን ጣል ልታደርግባት እጇን ዘርግታ መለሰች። ድንቡሼ ግን ትስቅ ነበር። ትከሻዋን ነፋስ ሲነካው የመጀመሪያዋ ነውና፣ ነፋሱ በመጣ ቁጥር ቆም ትላለች።

ሱቁ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች፤ እናቷና ሁለት አክስቶቿ ከበዋት እትዬን እያመሰገኑ ነው። እትዬ ተኳሿንና ልጅቷን ሲያዩ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀረ። በጓሮ ነው ያልኩሽ አሉ በሹክሹክታ። ተኳሿ ወደ ሙሽራዋ እናት ዞረች።

«ይህች ልጄ ናት» አለች። «የልጅዎን ቬሎ የጠለፈችውን ሴት ልታይ ነው የመጣችው።»

ከማዕዘን የከሰሉን ካውያ አነሳች፣ የጀርባውን በር እስከ ግድግዳው ከፈተች፣ ካውያውን ሥሩ አስቀመጠች። እትዬ ሮጠው በሩን ሊዘጉ ሳቡት። በሩ አልነቃነቅ አለ።

ጠላፊዋ እየሠራች ነበር። ፊቷ ነጥቷል፣ ከንፈሯን ነክሳለች፤ መርፌዋ ግን አልቆመችም። ያረጠበችው ክር ወደ ቀዳዳዋ ሲገባ ከበሩ ማዶ የቆሙት ሁሉ ትንፋሻቸውን ያዙ። አክስቶቹ እርስ በርስ ተያያዙ። ለተወሰነ ጊዜ በዚያ ቤት የክር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሳቲን ውስጥ ሲያልፍ ድምፅ እንዳለው ተኳሿም ያን ቀን ነው ያወቀችው።

«በእግር?» አሉ የሙሽራዋ እናት። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። ከዚያ ልጃቸውን አሁኑኑ አውልቂው፣ እግር የረገጠውን ለብሰሽ አትዳሪም አሏትና ከሱቁ ወጥተው በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። እትዬ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። የብረት ቆቡን ከጣታቸው አወለቁት፣ የት እንደሚያኖሩት ግን ጠፋቸው።

ሙሽራዋ አላወለቀችም። መስታወቱ ውስጥ ደረቷ ላይ የተበተነውን ሐረግ አየች፣ ከዚያ የጠላፊዋን እግር አየች። የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ እስከ በሩ መጣች።

«ይህ ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«ሁለት ወር ከአሥር ቀን» አለች ጠላፊዋ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሥራዋን ለብሳ የቆመች ሙሽራ አይታ አታውቅም ነበር። ቀና ብላ እስኪበቃት አየቻት።

ከዚያ ወደ ድንቡሼ ዞረች። «ነይ» አለቻት፤ «መጀመሪያ ግን ጫማሽን።»

ድንቡሼ ፈዛ ነበር የምታያት፤ ዓይኗን ከዚያ እግር ላይ አልነቀለችም። ተኳሿ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበረከከች። ጠዋት ራሷ ከልማዷ የተነሳ ሁለት ጊዜ የቋጠረችው ክር ጠብቆ አልፈታ አላት፤ ማንም ግን አላጣደፋትም። ጫማዎቹን አወለቀች። የመጀመሪያውን ካልሲ፣ ከሥሩም ሁለተኛውን ገፈፈች። የላስቲኩ ምልክት የልጇ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀይ ሆኖ ነበር።

ልጅቷ በነጩ ላይ ሄዳ ከጠላፊዋ ጎን ተቀመጠች። የግራ ተረከዟን፣ ማንም ሳይነግራት፣ ሳቲኑ ላይ አሳረፈች። ከፊቷ አንድ ክር ወድቋል። ቀኝ እግሯን ወደ ክሩ ዘረጋችና መሃል ላይ አቆመችው። ዞር ብላ የእናቷን እጆች አየች።

«እማዬ፣ አትመቺኝም?»

ተኳሿ ሁለት እጆቿን ወደ ጀርባዋ አዙራ ያዘቻቸው።

ድንቡሼ እጆቹ አለመኖራቸውን አይታ አረጋገጠችና ክሩን አነሳችው።